እህቴን «አታላይ» ብሎ ለመዘገበው የቅበላ ኮሚቴ

አይ፣ ክብርት ዶክተር፣ አላታለለችም። «አመልካቿ የግል መግለጫዋን በሌላ ሰው ስላስጻፈች የታማኝነት ጉድለት ተገኝቶባታል፤ ጉዳዩም ተዘግቷል» ብላችሁ የላካችሁትን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ያ «ሌላ ሰው» ያላችሁት እኔ ነኝ። ስም አለኝ፤ ማላኪ እባላለሁ።

ለማንኛውም ሰላምታ ሳያቀርቡ ነገር መጀመር እኛ ዘንድ ነውር ነውና፣ ለክብርት ዶክተር ኢሞጀን ስታፕልስ፣ የድኅረ ምረቃ ቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከነኮሚቴዎ፣ ከነጸሐፊዎ፣ ከነአየር ማቀዝቀዣዎ ጤና ይስጥልኝ። ወገብዎ እንዴት ነው? ቁጭ ብሎ የሰውን ሕይወት በአምስት መቶ ቃል ሲመዝኑ መዋል ወገብ ይጎዳል ይላሉ። ዓይንዎስ? ዓይንዎ ደህና እንደሆነ ነው የማስበው፤ ከስንት ሺህ ማመልከቻ መሃል የእህቴን ማመልከቻ ግርጌ ነጥሎ ያየ ዓይን ምን ይሆናል። ቤተሰብስ ሁሉ ደህና? ወንድም አለዎት? ካለዎት እግዚአብሔር ያቆይልዎት። ከሌለዎት ብዙ ነገር ገባኝ።

እኔን አያውቁኝም፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ባሕር አለ በመሃላችን። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተስማማንም። ግን በደሴታችን በሳቫይኢ ደቡብ ጠረፍ ላይ ከኔ ቀድሞ ወደቡ የሚደርስ ሹፌር ካለ ይምጣና ያሳየኝ። የቤተሰባችንን አውቶቡስ የምነዳው እኔ ነኝ። ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ቢጫና ሐምራዊ፤ ሠላሳ ሦስት ሰው ያስቀምጣል፣ ስድሳ ይጭናል፣ የተረፈው ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ክሪኬትም ቢሉኝ፣ በመንደሮቹ ግጥሚያ የመታሁት ኳስ የቄሱን ጣሪያ ቀዶ ወጥ ውስጥ ገብቷል። ቄሱን ይጠይቁ። ይህን የምነግርዎ ራሴን ለማወደስ ነው። እኔ ራሴን ማወደስ እችልበታለሁ፤ ሰውም በኔ ላይ ለምዶታል፣ እንደ አውቶቡሱ ጥሩምባ ነው የሚሰሙኝ። እህቴ ግን አትችልም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እህቴ ላኑኦላ ትባላለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በወረዳው ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። እዚህ ጠረፍ ላይ አሥራ አንድ ምንጮች አሉን፤ ከድንጋይ ሥር ወጥተው ልክ ባሕሩ አፍ ላይ የሚጠራቀሙ፣ የምንጠጣቸው፣ የምንታጠብባቸው፣ ልጆቻችን ዋና የሚማሩባቸው። ላኑኦላ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር፣ እስክሪብቶ በምታህል መለኪያ የያንዳንዱን ጨው ስትለካ ኖራለች። ደብተሮቿ አሥራ አራት ደርሰዋል። ሁለቱ ምንጮች ባሕር ሆነዋል። የሦስተኛው ጨው ሻይ ሲፈላበት ይታወቅ ነበር። የቀሩት ስንት ዓመት እንዳላቸው፣ ወደ ተራራው ሸሽተን የት ብንቆፍር ንጹሕ ውሃ እንደምናገኝ ማወቅ ትፈልጋለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ማሽንና ማሽኑን ማንበብ የሚያስተምር ሰው እናንተ ጋ አለ። እናንተ በር ላይ የቆመችው ለዚህ ነው። ለወረቀቱ አይደለም። ቤታችን ግድግዳ የለውም፣ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ነው፤ ዲግሪ የሚሰቀልበት ቦታ የለንም።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ፤ ቢሮ ያለ ሰው ቁጥር ይወዳል ብለውኛል።

አንደኛ። ጥያቄያችሁ። «ስለራስዎ ይንገሩን፤ ከሌሎች አመልካቾች የሚለይዎት ምንድን ነው? አይፈሩ፣ በስኬትዎ ይኩሩ» ይላል። ለጋስ ጥያቄ ነው፣ እናመሰግናለን። ላኑኦላ ለዚህ ጥያቄ በትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። የጻፈችውን አትማ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ወደብ ላይ መርከቧን ስንጠብቅ መሪዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲያችሁን ሰላም ትላለች፤ ሹማምንቱን፣ በሕይወት የሌሉትን መምህራኑን ሳይቀር። ቀጥላ በክቡር ደጃችሁ በቆሸሸ እግር በመቆሟ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከዚያ ያስተማሯትን ሁሉ በየስማቸው ታመሰግናለች። ከዚያ ምንጮቹን የሚጠብቀውን የሴቶች ኮሚቴ። ከዚያ መለኪያዋን የለገሳትን ርእሰ መምህር። መጨረሻ ላይ «እኔም በዚህ መሃል ጥቂት ነገር ለክቻለሁ» ይልና ያልቃል።

«አንቺ የት አለሽ?» አልኳት።

«መጨረሻ ላይ።»

«መጨረሻ ላይ ያለው ፊርማሽ ነው።»

«እሱ ነዋ» አለች።

ደግማ ጻፈችው። በሁለተኛው ላይ ፊርማዋም አነሰ። ለቢሮአችሁ ደግሞ በኢሜይል ስለሌሎች ሰዎች መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀች። አንድ ደግ ሠራተኛችሁ በማግሥቱ መለሰላት፤ «ስለ እርስዎ ብቻ ነው መስማት የምንፈልገው፤ ትሕትናዎን ትንሽ ቀነስ ያድርጉ» አላት። ያንን ሠራተኛ ከልብ አመሰግናለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተገነባን ነገር በአንድ ቀን ቀንሺ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ወገቧን ቀንሺ ቢላት ይቀላት ነበር።

ሁለተኛ። ሥራችን በምስጢር የተሠራ አስመስላችሁ «የተደበቀ እገዛ» ብላችኋል። ክብርት ዶክተር፣ እኔ የምደብቀው ነገር ቢኖረኝ ሐምራዊ አውቶቡስ እነዳ ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ላኑኦላ ሲጨንቃት ጥያቄያችሁን ይዛ አጎታችን ታፉና ጋ ሄደች። ታፉና የመንደራችን ተናጋሪ ሹም ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሹም ስለራሱ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሹሙን ዘር፣ ክብሩንና ሥራውን ቆሞ የሚናገርለት ተናጋሪው ነው፤ በትር ተደግፎ፣ ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። ራሱ ተነስቶ ራሱን የሚያወድስ ሰው ካየን ዘመድ የሌለው ነው ብለን እናዝንለታለን፤ ምግብም እንሰጠዋለን። ታፉና ጥያቄያችሁን ሰምቶ ጭራውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ።

«ምን ማለታቸው ነው? ይቺ ልጅ ሰው የላትም ወይ ነው የሚሉት?»

«አይ አጎቴ፣ ስለራስሽ ተናገሪ ነው የሚሉኝ» አለች።

«እሱማ ስድብ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት አይሳደብም፤ አንቺ አልገባሽም። የሚናገርልሽ ይምጣ ማለታቸው ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ እኔ ደጅ ላይ ኮኮናት እየፈለጥኩ ነበር። «አንተ። ያ አፍህ አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይዋል። ለእህትህ ተናገርላት።»

«አሁን?»

«ኮኮናቱን ጨርስና።»

እኛ ዘንድ በወንድምና በእህት መሃል ቃል ኪዳን አለ። እህት ትከበራለች፣ ወንድም ያገለግላል። እሷ ፊት እጅና እግሬን ሰብስቤ ነው የምቀመጠው፤ ምግብ መጀመሪያ ለሷ ይቀርባል፤ ክብሯ ቢነካ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ተናገርላት ስባል አላንገራገርኩም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ዝም በል ሲሉኝ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገር ተባልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ተኩሉ ጉዞ፣ ላኑኦላ ከኋላዬ ወንበር ላይ ስልኳን ይዛ እየጻፈች፣ እኔ መሪውን ይዤ እየተናገርኩ ጀመርን። ሃምሳ ሦስት ተሳፋሪ ነበረ። ዘፈኑን አጠፋሁት፤ አውቶቡሴ ውስጥ ዘፈን የጠፋው ያን ቀንና የአባቴ ቀብር ቀን ብቻ ነው። ወዲያው ሁሉም ጆሮውን አቆመ።

«ስለ ጥርሷ ተናገር እንጂ፣ ጥርሷ እንዴት ያምራል» አሉ እማማ ሲሊ፣ ሁለት ዶሮ ታቅፈው፣ የሰው ጭን ላይ ተቀምጠው።

«እማማ፣ ለጋብቻ አይደለም፣ ለትምህርት ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ በጥርስ የማይጠየቅ ምን ትምህርት አለ» አሉ።

ጭኑን ያበደረው ሰውዬ ከሥራቸው ሆኖ «ትዕግሥቷን ተናገር» አለ። «ልጄን ክፍልፋይ ያስተማረች እሷ ናት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ እናቱ ተስፋ ቆርጣ ነበር።»

«እስቲ መንገዱን እያየህ ተናገር» አለ ሌላው።

ላኑኦላ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ጆሮዋ ቀልቷል፤ በመስታወቱ አያታለሁ። ደጋግማ «ይበቃል» ትላለች፤ ማንም አይሰማትም። እኔ ያልኩት ይሄ ነበር፤ ፋይላችሁ ውስጥ ስላለ ማመሳከር ይችላሉ።

«ይቺ ሴት ላኑኦላ ናት። ባሕሩ ሰባት ዓመት ሲሰርቀን አንድ በአንድ የቆጠረች ሴት ናት። ዶፍ ሲወርድ ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እሷ ወደ ምንጩ ትወርዳለች። አውሎ ነፋሱ የመጣ ጊዜ ሰው ፍራሽና ድስት ሲያሸሽ፣ እሷ ደብተሮቿን በላስቲክ ጠቅልላ ከልብሷ ሥር ሆዷ ላይ አስራ ተራራ ወጣች፤ እናታችን ያረገዘች መስሏት ሁለት ቀን አላናገረቻትም። እሷም ደብተር ነው ብላ አላስረዳችም፤ ደብተሮቹ እንዳይረጥቡ ልብሷን መክፈት አልፈለገችም። ወስዳችሁ ብታስተምሯት ያተረፋችሁት እናንተ ናችሁ። ባትወስዷትም ነገ ጠዋት ምንጩ ጋ ትወርዳለች፤ ብቻዋን ትወርዳለች።»

  ጭኑን ያበደረው ሰውዬ ከእማማ ሲሊ ሥር «ይሄ ልጅ አፍ አለው» አለ። ክብርት ዶክተር፣ ለናንተ ይህ የተደበቀ እገዛ ነው። ሃምሳ ሦስት ሰው ፊት የተነገረ፣ ሁለት ዶሮ የሰማው ንግግር እንዴት እንደሚደበቅ ጽፋችሁ ብትልኩልኝ እማራለሁ።

ሦስተኛ። ይሄኛው ስለኔ ነው፤ በአጭሩ እለፈው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ንግግሩ ሲያልቅ ላኑኦላ ስሟን ጻፈችበት። እኔ «ስሜስ?» አልኳት።

«የምን ስም?»

«ይሄን ያህል ተናግሬ ስሜ ሳይነሳ? ተናጋሪ ስሙን ሳይጠራ ንግግር የሚዘጋው የት አገር ነው?»

 «ልክ ነህ» አለች። ግርጌው ላይ «ከላይ ያለውን በሥርዓታችን መሠረት የተናገረልኝ ወንድሜ ማላኪ ነው» ብላ ጻፈች። እንድታነብልኝ ጠየቅኳት፤ አነበበችልኝ። እንደገና አስነበብኳት። ወደብ ስንደርስ ለትኬት ቆራጩ ሁሉ ነገርኩት፤ ስሜ ባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ ብዬ።

እንግዲህ እናንተ ያያችሁት ያንን መስመር ነው። ማስረጃችሁ ሌላ የለም። መርማሪ አላስፈለጋችሁ፣ ማሽን አላስፈለጋችሁ፤ ራሷ ጽፋ ላከችላችሁ። አስጽፊ ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። በቃ። አልኩት።

አራተኛ። በዚሁ ማመልከቻ ላይ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቃችኋል። ሦስት ሰው ስለ አመልካቹ ጥሩ ጥሩውን ይጻፍ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲናገርልን እናንተም ትፈቅዳላችሁ፤ ወንድም አይሁን እንጂ፣ ማኅተም ይኑረው እንጂ። የሚያውቃት ሳይሆን ማኅተም ያለው ይናገር ካላችሁ ጥሩ፤ ጥያቄው ላይ ብትጽፉት እኔም ማኅተም አስቀርጽ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ምስጋና አለኝ። የአንድ ተሳፋሪዬ የአክስት ልጅ፣ እናንተው ጋ የተማረ፣ የእህቴን ነገር ሲሰማ በሳቅ ሊሞት ነበር። የሱን መግለጫ ገንዘብ ተከፍሎት የጻፈለት ሰው አለ፤ ስለ አያቱ ሞት የሚያስለቅስ ነገር አስገብቶለታል። አያትየው በሕይወት አሉ፣ በሬዲዮ ዜና እየሰሙ ይቆጣሉ። እሱ ገባ፣ ተማረ፣ ተመረቀ። ስለዚህ ኮሚቴዎን ለጥንቃቄው አመሰግናለሁ። ያስጻፈው ሁሉ አልፎ፣ «ወንድሜ ተናገረልኝ» ብላ በጥቁር ቀለም የጻፈችው ተይዛለች። ወጥመዳችሁ የሚሠራው ለማይዋሽ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ወጥመድ መሥራት ቀላል አይደለም።

አምስተኛ። ይግባኙ።

ይግባኝ መኖሩን እኔ አላውቅም ነበር። ላኑኦላ አልነገረችኝም። «ጉዳዩ ተዘግቷል» ያላችሁበት ሁለተኛው ደብዳቤያችሁ ከመጣ በኋላ ደብተሮቿን ወደ ትምህርት ቤት ሳደርስላት የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ከአሥራ አራተኛው ውስጥ ወደቀ፤ አነሳሁት፣ አነበብኩት። አሥር ቀን ሰጥታችኋት ነበር። «በራስዎ ቃል ጥፋትዎን ይግለጹ፤ ከሁኔታውም ምን እንደተማሩ በአንድ ገጽ ያብራሩ» ብላችኋታል። ከዚያ ጋር የሷ መልስ ቅጂ ነበር። አንድ ገጽ ላይ አንድ መስመር ነው ያለው።

«ወንድሜ የተናገረው እውነት ነው፤ የምጨምርበት የለኝም።»

እሱ ነው ይግባኟ። እናንተም «አመልካቿ በጥፋቷ ላይ በቂ ግንዛቤ አላሳየችም» ብላችሁ፣ አታላይ የሚለውን መዝገቧ ላይ አስፍራችሁ፣ ሦስት ዓመት እንዳታመለክት ከለከላችኋት። የትምህርት ዕድሉን የሚከፍለው ድርጅት ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቀበልም። ላኑኦላ በሚመጣው ወር ሠላሳ ይሞላታል። ሂሳቡን ለእርስዎ እተዋለሁ፤ ፕሮፌሰሮች አጠገብዎ አሉ።

ያን ቀን አውቶቡሱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከነተሳፋሪው አቁሜ ገባሁ።

«ለምን አልካድሽኝም?» አልኳት። «አንድ ገጽ እኮ ነው። ወንድሜ ባለጌ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የወደቀ ነው፣ አስገድዶኝ ነው ብትይ ይቀበሉሽ ነበር።»

«አላስገደድከኝማ።»

«ትንሽ ብትዋሺስ?»

«የታማኝነት ጉድለት ነው ያሉኝ» አለች። «ዋሽቼ ነው እንዴ ታማኝ ነኝ የምላቸው?» አለችና ሳቀች። ብዙም አልሳቀችም። ከዚያ «ተሳፋሪዎችህ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ሂድ» አለችኝ።

አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ይሄው ስንት ሳምንት፣ ምግብ ሳቀርብላት እንደ በፊቱ አመስግና ትበላለች፤ እኔ ነኝ አልበላ ያለኝ። ታፉናም ጭራውን ሰቅሎታል። «እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት አይሳደብም» ያለው እሱ ስለነበር፣ የሚናገር ሲፈለግ አሞኛል ይላል። አላመመውም። ጎደሬ ሲነቅል አየዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ የሴቶች ኮሚቴ ሦስተኛውን ምንጭ በድንጋይ ዘጋው። ላኑኦላ ገና ሁለት ዓመት አለው ብላ ነበር። ድንጋዩን ሲደረድሩ ቆማ አየች፤ እኔም ድንጋይ አቀብዬ ነበር። «ስሌቴ ተሳስቷል» አለች። «የት ጋ እንደተሳሳትኩ ግን አላውቅም።» የሚያውቅ ሰው ያለው እናንተ ጋ ነው። ደብተሮቹን አንድ ቀን አገላብጦ እዚህ ጋ ነው የተሳሳትሽው ቢላት ይበቃት ነበር፤ ዲግሪውንም ብትተዉት። ስምንት ምንጮች ቀርተውናል። ስንት ዓመት እንዳላቸው ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ድሮ እናውቃለን ብለን እንተኛ ነበር።

ስድስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ደክሞኛል። ይቅር።

አሁን የምፈልገውን ልናገር። እህቴን ውሰዷት አልልም። እንደማትወስዷት አውቃለሁ፤ ትምህርት ባይኖረኝም ሞኝ አይደለሁም። አጥፍተናል በሉም አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከናንተ አፍ እንደማይወጣ ባሕር አቋርጬ ባልመጣም ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው። መዝገቧ ላይ ያሰፈራችሁትን ያንን ቃል ሰርዙት። ሌላ ትምህርት ቤት ሌላ ዓመት ቢፈልጋት መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። የግድ አታላይ የሚባል ሰው መዝገቡ ላይ መኖር አለበት ከተባለ የኔን ስም አስገቡ። ማላኪ፣ የታወቀ አታላይ፣ ለዘላለም እንዳያመለክት የተከለከለ ብላችሁ ጻፉ። እኔ ማስተርስ የመያዝ ሐሳብ የለኝም። ስሜንም የት እንደምታገኙት ታውቃላችሁ፤ ግርጌው ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ እልካለሁ፤ ለጋዜጣውም እልካለሁ፤ አንዱን ቅጂ አውቶቡሴ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሰው ሲሳፈር ያነባል። እማማ ሲሊ ማንበብ ስለማይችሉ ተሳፋሪዎቹ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። «ጨዋ ነው፣ ትንሽ አጥብቆ ቢሰድባቸው» ብለዋል። እኔ ግን የተከበረ ቤት አልሳደብም፤ አጎቴ እንደዚያ አላሳደገኝም።

እንግዲህ ክብርት ዶክተር፣ ወንበርዎ ይደላዎት፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ በርዎን የሚያንኳኳ ሁሉ ስለራሱ በደንብ መናገር የሚችል ይሁንልዎት፣ ዝምተኛ ሰው በደጅዎ አይለፍ እያልኩ፣ በፍጹም አክብሮት፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጅና እግሬን ሰብስቤ እሰናበታለሁ።

የላኑኦላ ወንድም፣
ማላኪ፣
የቢጫና ሐምራዊው አውቶቡስ ሹፌር፣ ሳቫይኢ ደቡብ ጠረፍ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ሥራችሁ እንዳይበዛ በቅድሚያ አሳውቃለሁ። የእህቴ እጅ የለበትም፤ ብትነካው ኖሮ ግማሹ ይቅርታ ይሆን ነበር። እንደጻፍኩም አታውቅም ነበር፣ ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ላይ አየችው። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበች። «አንሳው» ብላ አላዘዘችኝም። «ደግሞ ይመልሱልሃል ብለህ እንዳትጠብቅ» አለችኝና ምንጩ ጋ ወረደች። እኔ ግን እጠብቃለሁ። ቃሉ ተሰርዟል ወይም አልተሰረዘም፤ ከሁለቱ አንዱን ጻፉ። ረጅም አታድርጉት፣ ምክንያትም አልፈልግም። እስከ ዓርብ መልሱ።